ፈርዋውን የገዛሁበት ሱቅ አድራሻ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

እስቲ አረፍ በሉና አንብቡ። እኔም አረፍ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን የምጽፈው ቆሜ ነው። የት እንደቆምኩ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳትን ታስታውሳላችሁ አይደል? ሽቶ አትስጡ፣ ሰዓት አትስጡ፣ ሪያድ በዚህ ወር አጥንት ውስጥ ትገባለች፣ ለወዳጃችሁ የሚያሞቅ ነገር ስጡ ያልኩባትን። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ፣ ፈርዋ። ፈርዋ ለማታውቁት፣ የዚህ አገር ሰው በብርድ ጊዜ ከላይ የሚደርበው፣ ውስጡ የበግ ፀጉር የሚመስል ረጅም ካፖርት ነው።

አገር ቤት ያላችሁ "ደግሞ ሳዑዲ ብርድ አለ እንዴ?" ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። አለ። ጠዋት ውሃ ስትነኩ ታለቅሳላችሁ።

ፖስቷ ግን ጉድ አፈላች! ላይኩ፣ ሼሩ፣ "ተባረክ የኛ አስተማሪ" የሚለው። እኔም አስተማሪ ሆንኩ፤ መንገድ ላይ ስሄድ አንገቴ ቀና ብሏል።

አንዷ እህት እንዲህ ብላ እስክትጽፍ ድረስ፦ "ምክሩስ ጥሩ ነው። ለመሆኑ አንተ ለማን ምን ሰጠህ?"

ከሥሯ ስንት ሰው እንደሳቀ አልነግራችሁም።

እውነቱን ልናገር? ለማንም ምንም ሰጥቼ አላውቅም። እኔ አፌ እንጂ እጄ ቸር አይደለም። ግን እልኸኛ ነኝና "አርብ ላይቭ ጠብቂኝ" ብዬ መለስኩላት።

ሐሙስ ደረሰ። ስጦታ የለም።

የምሠራው ሱለይ ነው፣ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ። ከሰዓት በኋላ አንድ ፒክአፕ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ሳዑዲ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ለሠራተኛ ፈርዋ ሊያድሉ ነው የመጡት። በብርድ ጊዜ እንዲህ የሚያደርጉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው "ያላ፣ ዋሂድ ዋሂድ" አሉ። አንድ አንድ ማለታቸው ነው።

አረብኛ አልገባኝም እንዳልል፣ ይቺን ይቺን በደንብ አውቃለሁ።

ሰልፍ ተያዘ። እኔ ከፊት ነኝ። ኢቃማ ያለን ሰዎች ሁሌም ከፊት ነን። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ደግሞ ጭራው ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ይቆማሉ፤ የፖሊስ መኪና ብቅ ካለ ለመሮጥ እንዲመቻቸው። እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ዞር ብሎ የሚያያቸው ግን የለም።

የኔን ተቀበልኩ፣ ለበስኩ፣ ሞቀኝ። ሲሞቀኝ ደግሞ ሐሳብ መጣልኝ።

ፈርዋዬን መጋዘን ውስጥ ሰቀልኩት። ማስክ አደረግኩ። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና አንድ የማውቀው ሰው ጋ ጠጋ ብዬ ሰልፉ መሀል ገባሁ።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ሰጡኝ። መረቁኝም! እኔም አሜን አልኩ።

"ማን ይጎዳል?" አልኩ በልቤ። "ፒክአፑ ሙሉ ነው።"

አሁን ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ጀራዲያ ውስጥ ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል፦ እኔ፣ ዳዊትና ሰይድ። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። ከከፊሉ፣ ማለትም ካመጣው አሠሪ ጋር ከተለያየ ወዲህ ኢቃማ የለውም። ቀን የተገኘውን ሸክም ይሸከማል፣ ማታ ዐዚዚያ ውስጥ አንድ ጅምር ሕንፃ ይጠብቃል። ሕንፃው መስኮት የለውም። ሰይድ ካፖርት የለውም። ሳል ይዞታል፤ ደረቱ ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስላል። ሐኪም ቤት ሂድ እንዳትሉት፣ በሩ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢቃማ ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ላይ ስህተት የለም። ለሰይድ ፈርዋ! ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ስጦታ ከየት ይመጣል?

ፈርዋውን ከታደለበት ፌስታል አወጣሁና ዳዊት አስቀምጦት በነበረ የሽቶ ቤት የወረቀት ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሪቫንም አለው። አዎ፣ ሽቶ አትስጡ ያልኩት ሰውዬ።

ዛሬ ከሰዓት ላይቭ ገባን። ስልኩን ዳዊት ያዘ። ሰይድን መሀል አቆምኩትና ንግግር አደረግኩ።

"ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው የገዛሁልህ" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "ቀለሙንም ላንተ እንዲሄድ ብዬ ነው የመረጥኩት።"

ፒክአፑ ላይ የነበረው ቀለም አንድ ብቻ ነው።

ሰይድ ለበሰው። እጅጌውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ዳሰሰው። "አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ አላህ ያክብርህ" አለና አቀፈኝ። ልቡ ፈነጠዘ፣ ልቤም ፈነጠዘ። ልብ ምልክቶች በስክሪኑ ላይ ይጎርፋሉ። ያቺ እህት ሳትቀር "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነበር" ብላ ጻፈች።

ዳዊት ኮሜንት ጮክ ብሎ ያነባል። ይህ በሽታው ነው።

"'ወንድሜ፣ ይሄ ትናንት ሱለይ ከፒክአፕ ላይ የታደለው አይደለም? እኔም ለብሼዋለሁ። ግራ ኪሱ ጫፍ ላይ ቢጫ ክር አለው፣ እዩት።'"

አንብቦ ሲጨርስ ነው የገባው።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ ግራ ኪሱን አየ። ሁላችንም አየን። እናንተም አያችሁ፤ ስንት እንደነበራችሁ አውቃለሁ።

ቢጫ ክር።

"ሱቁ ጎማ አለው ማለት ነው?" የሚል ኮሜንት መጣ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዳዊት እንኳ አላነበባቸውም። ፈርዋ ሳልለብስ ላብ አጠመቀኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ እኛ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነን።

ያን ጊዜ ሰይድ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ካሜራ ይፈራል፣ ፊቱ እንዲታይ አይወድም። ዛሬ ግን ቀረበና "ከየትም ያምጣው" አለ። "ለኔ ብሎ ነው ያመጣው። ኸላስ፣ በቃ፣ ሰውየውን ተዉት።"

ዳዊት ላይቩን ዘጋው።

እፎይ አልኩ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። ትንሽ ቀን ከስልክ ርቄ እመለስና ስለ ካልሲ ምክር እለጥፍ ነበር።

ሰይድ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ "ትናንት እኔም እዚያው ነበርኩ" አለኝ።

"የት?"

"ሱለይ። ዕቃ ላወርድ መጥቼ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሜ ነበር፣ መታጠፊያው ጋ።"

ጎንበስ ብዬ ሪቫኑን ከወለሉ አነሣሁ።

"ኮፍያህን ዝቅ አድርገህ ሁለተኛ ስትሰለፍ አየሁህ። እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ላይ ነው ያለቀው።" ሳለና ቀጠለ። "አልከፋኝም። አይቶኛል፣ ለኔ ነው የያዘልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ግን ለምን ገዛሁ ትላለህ ወንድሜ? ያዝኩልህ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።"

ወገኖቼ፣ አላየሁትም።

አብሬው እበላለሁ፣ ሳሉን እየሰማሁ እተኛለሁ። ትናንት ግን ወደዚያ ወደ መታጠፊያው ዞር አላልኩም። በሁለተኛው ዙር ባልሰለፍ ኖሮ ያቺ ፈርዋ ከሽማግሌው እጅ ቀጥታ ለሰይድ ትደርሰው ነበር። የራሱን ፈርዋ ነው ሪቫን አስሬ የሰጠሁት። አስመርቄበታለሁ። ለእናንተም አሳይቼበታለሁ።

እና ለሰይድ ምን ብዬ መለስኩለት?

"አብሽር" አልኩት። ምስጋናውን ተቀበልኩ! "ምንም አይደል፣ ወንድሜ አይደለህ" የሚለውን ሁሉ ጨመርኩበት።

ሰይድ ለሥራ ተነሣ። ፈርዋውን እስከ አንገቱ ቆለፈው። በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰና የሽቶውን ቦርሳ በሥርዓት አጥፎ ሰጠኝ። "ለሌላ ሰው ስትሰጥ ይሆንሃል" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞልቷል። የሚሰድበኝ አለ፣ አይገርመኝም። የሚገርመኝ አሁንም "ፈርዋው ቆንጆ ነው፣ የሱቁን አድራሻ ላክልን" የምትሉት ናችሁ።

እሺ፣ አድራሻው ይኸው። ሱቁ ሱለይ ነው፣ ጎማ አለው፣ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም። ሲመጣ ኢቃማ ያላችሁ ከኋላ ቁሙ።

የት ቆሜ እንደምጽፍ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ዐዚዚያ፣ ሰይድ የሚጠብቀው ሕንፃ በር ላይ ነኝ። ፀሐይ ገብታለች፣ ነፋሱ ይጋረፋል፣ የመጀመሪያዋን ፈርዋ ለብሻለሁ። ሲያስል ከዚህ ይሰማኛል። እሱ ፌስቡክ አያይም፣ ግን ዳዊት ይህን አግኝቶ ጮክ ብሎ ሳያነብለት እኔ ራሴ ልነግረው ነው የመጣሁት። መጥቼም ይኸው ስልኬን እነካካለሁ።

እናንተ ስጦታ የምታውቁ፣ እስቲ ምከሩኝ፤ የራሱን ካፖርት ሸልሜ ያስመሰገንኩትን ሰው፣ ምን ይዤ ነው በሩን የማንኳኳው?