ረጅሙ «ጉል»

የምትናገሩትን ትቶ አፋችሁን ብቻ የሚሰማ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። «ቤቴ ተቃጠለ!» ብላችሁ ብትጮሁበት፣ ውሃ ይዞ ከመሮጡ በፊት «ቤ»ን ያወጣችሁበትን አኳኋን ያርማል። ለእኛ ለምዕራቡ ባሕር ጠረፍ ሰዎች የደረሱን ክቡር መምህር ናም ቾልጉ ናቸው።

መምህር ናም ዕድሜያቸውን ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣው ግን እግራቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። በየቀኑ ምሳቸውን የሚበሉት በኔ ኑድል ቤት ነው። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ የገባውን ሰው ዞር ብለው አያዩትም፣ ይሰሙታል።

በኛ ቋንቋ አናባቢን ማሳጠርና መሳብ ቃል ይለውጣል። «ኑን» አጠር ካለ ዓይን ነው፣ ሳብ ካለ በረዶ። «ማል» አጭሩ ፈረስ፣ ረጅሙ ንግግር። ይሄ እንግዲህ ድሮ ነው። የዛሬ ልጆች ሁሉንም አሳጥረው ይጥሉታል፣ እኛም ተከትለናቸዋል፣ የተቸገረም የለም። ከመምህር ናም በቀር።

አንድ ቀን የሬዲዮዋ ልጅ «ዛሬ በረዶ ይጥላል» ስትል ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዓይን ነው ያለችው። ዛሬ በመንደራችን ላይ ዓይን ሲዘንብ ሊውል ነው።»

ሳቅን። ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲጀምር ግን ቀና ብዬ ማየት አስጠላኝ።

የመንደራችን ሹም ፓንግ በስብሰባ ላይ ተነስቶ «አንድ ንግግር አለኝ» ቢል፣ «ፈረስህን ውጭ እሰረው!» ብለው አዳራሹን አሳቁበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ መንገደኛ ገብቶ ኑድል አዘዘ። መምህሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እናትህ የሰሜን ሰው ናት። ብዙ ግን አላሳደገችህም» አሉት። ሰውዬው ሳይበላ ወጣ። በመስኮቱ ሳየው መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«መምህር፣ የሰው ሁሉ ድምፅ የተለያየ ነው። እንዴት ነው የሚለዩት?» አልኳቸው።

«አንቺ ራስሽ አንዷን አናባቢ ሁለቴ ብትያት አንድ ዓይነት አትወጣልሽም። ጆሮ አብዛኛውን ልዩነት ይቅር ይላል፣ ቃል የሚለውጠውን ብቻ ይይዛል። እኔ ይቅር የተባለውንም እሰማለሁ። ሰውየው ያለው እሱ ውስጥ ነው።»



ሶልሂ የምትባል ወጣት ጎረቤት አለችን። ሟች እናቷ ኦክሱን የመምህር ናም ተማሪ ነበረች፤ «አናባቢ አሳስታ የማታውቅ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ» ሲሉ እሷን ማለታቸው ነው። ልጅቷ ግን የዘመኗ ልጅ ናት። «ጉል» በአጭሩ ከድንጋይ ላይ ተፈልፍሎ የሚበላው ቅርፊታሙ የባሕር ፍጥረት ነው፣ በረጅሙ ዋሻ። ሶልሂ ሁለቱንም በአጭሩ ትጠራለች። መምህሩ በዚህ ስንቴ እንደተቆጧት!

አንድ ረፋድ ባሕሩ እንደየዕለቱ ከዳርቻው ወደኋላ ሲሸሽ ሶልሂ ጉል ልትለቅም ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ጭጋግ መጣ፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን የማታዩበት ዓይነት። ባሕሩም መመለስ ጀመረ። ሹም ፓንግ እኔ ቤት ምሳ እየበላ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ ሶልሂ ናት።

«ሹም አባት... ጉል... ውሃው...» ከዚያ ተቋረጠ።

ፓንግ ዘሎ ተነሳ። «ጉል የሚለቀምበት ድንጋይ ላይ ናት! በደቡብ በኩል! ጀልባውን!»

«ቁጭ በል» አሉ መምህር ናም። «ደግመህ አሰማኝ።»

የፓንግ ስልክ የተነጋገሩበትን ሁሉ ይቀዳል። አሰማቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዋሻ ነው ያለችው። ሰሜን ሂዱ፣ ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ።»

«መምህር፣ በእግዜር! ይቺ ልጅ እኮ ሁለቱንም አንድ አድርጋ ነው የምትጠራው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ የሚቆጧት?»

«አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

«ጮኻ ነዋ! የሚጮህ ሰው ሁሉንም ይስባል።»

«ሁሉንም ቢስብማ! «ውሃው» ያለችውን ስማ፣ አጭር ነው። የተሳበው አንዱ ብቻ ነው።»

በዚያ ጭጋግ ሊወጣ የሚችል ጀልባ አንድ ብቻ ነበር፣ ወይ ሰሜን ወይ ደቡብ። ፓንግ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየና ተሳደበ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። እኔና መምህር ናም በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ሞተሩ ጭጋጉ ውስጥ ጠፋ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ሽማግሌው እጄን ይዘው ነበር፣ መያዛቸውንም ያወቁ አልመሰለኝም።

ሶልሂን ያገኟት ዋሻው ውስጥ ነው፣ ውሃው ደረቷ ደርሶ።

ከሕክምና እንደተመለሰች ልታመሰግን መጣች። ከመምህሩ ፊት ቆማ እጅ ነሳችና፣ «መምህር፣ ዋሻ ውስጥ መሆኔን በምን አወቁ?» አለቻቸው።

«አንቺው ነግረሽን።»

«እኔ? እኔ እኮ ዋሻ መሆኑን አላወቅኩም። በጭጋጉ መንገድ ስቼ ሳለ፣ የደቡቡ ድንጋይ ላይ ያለሁ ነበር የመሰለኝ። «ጉል ከምለቅምበት ድንጋይ ላይ ነኝ» ልላችሁ ስል ነው ስልኩ የጠፋው።»

መምህር ናም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ደግማ እጅ ነስታ ወጣች። ኑድላቸው ቀዝቅዞ ነበር። ሳህናቸውን እያዩ፣

«ያ አወጣጥ የኦክሱን ነው» አሉ። «አንቺም ሰምተሻል አይደል? ረጅም ነበር አይደል?»

ድምፃቸው እንዲህ አንሶ ሰምቼ አላውቅም። የኔ ጆሮ እንኳን የሙት እናትን የሕያውንም አይለይ፤ ለኔ ያ ጩኸት ጩኸት ብቻ ነበር። ግን እኚህ ሰው ያን ድምፅ ብቻቸውን ይዘው ወደዚያ ባዶ ቤታቸው እንዲገቡ አልፈለግኩም።

«ሰምቻለሁ መምህር። ረጅም ነበር።»



«ስትዋሺ አናባቢዎችሽ ይጠባሉ» አሉኝ። ከዚያ ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ትኩስ ጨምሪልኝ። ዛሬ ትንሽ እዚህ ልቆይ።»

ጨመርኩላቸው። ለራሴም ቀድቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።