የኦቦ ገመቹ ጠማማ ጊታር

ጠማማ ነገር አገር ያጠፋል ሲባል እየሰማን አደግን። ቀጥ ያለ ነገር የሚያጠፋውን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? እኔ ልቁጠር ካልኩ የምጀምረው ከጊታር ነው፤ ያውም እዚሁ ሰበታ ከተሠራ ጊታር።

ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ በሠርግ ሰሞን ደግሞ ጊታር እጫወታለሁ። በሁለቱም ሥራ የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ፎቶ አየሁና ልቤ ሸፈተ። የተለመደውን ጊታር ታውቁታላችሁ፤ ወገቡ ግራና ቀኝ እኩል ገባ ያለ ነው። የዚህችኛዋ ወገብ ግን በአንድ በኩል ከፍ ብሎ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ነው የገባው። ለነገር ወገቧን ይዛ የቆመች ጎረቤት ትመስላለች። እሷን ከውጭ ማስመጣት ለአስተማሪ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ከተሰባበሩ ጊታሮች የተረፈ አንገት፣ ክርና የክሩን ድምፅ የሚይዝ ማግኔት ሰብስቤ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹ የሰፈራችን አናጺ ናቸው። በሰበታ እሳቸው ያልሠሩት በር የለም ብል የማጋንነው ጥቂት ነው። በሠሩት ዕቃ ሁሉ ጀርባ ላይ በጋለ ብረት ማኅተማቸውን ያሳርፋሉ። ለጉራ አይደለም፤ ዕቃው ቢጣመም ማንን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው ይላሉ። ፎቶውን አሳየኋቸው፣ ልኩንም ካርቶን ላይ ሳልኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዋንዛ የተሠራች፣ እንደ መስታወት የምታበራ፣ ግራና ቀኟ በስኳድራ ተለክቶ እኩል የሆነ ጊታር አስረከቡኝ። ማኅተሙም ጀርባዋ ላይ አለ።

‹‹ስዕልህ ተጣሞብህ ነበር ልጄ›› አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ‹‹ለሰው ሳልናገር አቃናሁልህ።››

የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ሲባል ይታያችሁ! ሁለተኛ እንዲሠሩልኝ ሦስት ቀን ለመንኳቸው። በመጨረሻ ‹‹ቶሌ›› ብለው እሺ አሉና ልክ እንደ ካርቶኑ አድርገው ሠሯት። ማኅተም ላይ ግን እጃቸው አልሄደም። ማን እንደሠራትም ለሰው እንዳልናገር አስማሉኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለች ጊታር ሰበታ ተወለደች ብዬ አደባባይ ልወጣ ነበር! አባቷ የካዳት ልጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ዘመኑ እንግዲህ አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መስመር ሆኗል፤ ቢሮ ተቀምጠው በማስመሪያ ያሰመሩት መስመር በማን ማሳ፣ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ዛሬ በተቃውሞ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ለቅሶ እንቀመጣለን። በጥይት የወደቁትን የዚያን ጊዜ ልጆች ሳስብ ዛሬም ቀልዴ አፌ ላይ ይቀራል።

የኦቦ ገመቹ የመጨረሻ ልጅ፣ የጫልቱ ሠርግ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ የተቀጠረው ባንድ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ድንኳን መጣል ተከልክሏል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹና ከነአባቱ፣ ከነሙሉ ልብሱ ከተፍኪ በእግሩ መጣ። ኦቦ ገመቹ እኔን አስጠሩኝ። ጎረቤት ሐዘን ላይ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እንድጫወት ነገሩኝና፣ ‹‹ልጄ ግን ያለ ዘፈን ከቤቴ አትወጣም›› አሉ። ሁለቱንም ጊታሮች ይዤ ሄድኩ። እሳቸውም በአማቾቻቸው ፊት ቀጥ ያለችውን፣ ማኅተም ያለባትን እንድጫወት አዘዙ።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። መቆሚያ ስለሌለ በቡፌውና በግድግዳው መካከል አንድ ዱካ ላይ ተሸጎጥኩ። ቀጥ ያለችው ጭኔ ላይ አልረጋ አለች። አንገቷ ወደ መሬት ይደፋል፣ አነሣዋለሁ፣ ይደፋል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ በሦስተኛው ጊዜ የጊታሯ አናት የሙሽራውን አባት ብርሌ መታና ጠጁን አዲሱ ኮታቸው ላይ ደፋው። ጫልቱ አንገቷን ደፋች።

ሌላ መላ አልነበረኝምና ጠማማዋን አነሣሁ። የታችኛው የወገቧ ስርጉድ ጭኔን አቀፈ፣ የላይኛው ለጎኔ ቦታ ለቀቀ፣ አንገቷም ቀና አለ። እጄ ነፃ ወጣ። የተፍኪ ልጆች ያን ሁሉ መንገድ እንዳልተጓዙ ረገዳውን ሲያስነኩት ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጫልቱም ተነሥታ ገባችበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኦቦ ገመቹ ግን ሙሽራዋን አይደለም የሚያዩት፣ ጉልበቴን ነው። ዘፈኑ ሲያበቃ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው የጊታሯን ወገብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

‹‹ለካ የተሳለችው ለተቀማጭ ሰው ነው›› አሉ። ‹‹እኔ ወረቀቱን አየሁ እንጂ የሚቀመጠውን ሰው አላየሁም።››

የሙሽራው አባት ከነጠጃቸው ቀረብ ብለው ይቺን የመሰለች ጊታር ማን እንደሠራት ጠየቁኝ። መሐላ አለብኝና ወደ ኦቦ ገመቹ አየሁ።

‹‹እኔ ነኝ›› አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

በማግስቱ ብረቱን አግለው ማኅተሙን በጠማማዋ ጀርባ ላይ አሳረፉልኝ፤ ቀጥ ያለችውን ግን ተቀብለው እሳቸው ዘንድ አስቀሯት። ቀጥ ያለችዋስ አትሉም? በቀደም ሥራ ቦታቸው ብሄድ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ማኅተሟ በመላጊያ ተልጎ ጠፍቷል። አንድ ደንበኛ ውበቷ ማርኮት ትሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። ኦቦ ገመቹ ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

‹‹እሷን ተዋት፤ ጠማማ ናት›› አሉት።