ሳሊ ላይ ስሙን የቀየረው ሙሽራ

[የመዝናኛ ከተማዋ ሳሊ፣ ባሕሩ ዳር፣ ረፋድ ላይ። ከሆቴሉ የገመድ አጥር ማዶ ፈረንጆች ፀሐይ ላይ ተዘርረዋል። ከገመዱ ወዲህ ሁለት የአጎት ልጆች ከካውላክ ከተማ ገና መድረሳቸው ነው። ልብስ ሰፊው ቢራም ንጃይ በዚያ ወበቅ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሯል፤ ኦቾሎኒ ነጋዴው ላቲር ንጃይ ለሽምግልና የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ በዘንቢል ታቅፏል። ቢራም ጀርባው በላብ ርሷል፤ ቢሞት ግን ሞቀኝ አይልም።]

ላቲር፦ አውልቄዋለሁ አልኩህ!

ቢራም፦ መልሰህ አጥልቅ!

ላቲር፦ ጫማዬ ውስጥ ከእግሬ ይልቅ አሸዋው በዝቷል እኮ።

ቢራም፦ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው ወይስ ዓሣ ልናጠምድ? ባዶ እግርህን ሆነህ አጎቷ ፊት ልትቆም?

ላቲር፦ ሶክናን የምታገባት አንተ። እኔ ዘንቢል ተሸካሚ ነኝ።

ቢራም፦ እሱስ ልክ ነህ። ስለዚህ አፍህን ዘግተህ ተሸከም። እሷ እንደሆነች ወዳኛለች፤ የቀረኝ የእናቷ ወንድም እሺታ ነው። እሱ ደግሞ ዋዛ ሰው አይደለም። “ያለ እሱ ፈቃድ ሆቴሉ ማንንም አያስገባም” ብላኛለች። ሥራ አስኪያጅ ነው ማለት ነው።

ላቲር፦ ወይም በር ላይ የሚቆም።

ቢራም፦ አንተን ይዞ ሽምግልና! ራሴን ነው እንጂ ማንን እወቅሳለሁ?

ላቲር፦ [ወደ ፈረንጆቹ እያየ] ቢራም፣ እነዚህ ሰዎች ታመው ነው?

ቢራም፦ ፀሐይ እየሞቁ ነው።

ላቲር፦ በዚህ ሰዓት? ወደ ጥላ የሚያስገባቸው ዘመድ የላቸውም?

ቢራም፦ ለዚህ ብለው ነው ባሕር አቋርጠው የመጡት!

ላቲር፦ ምስኪኖች! ካውላክ ከዚህ የባሰ እንደሚያቃጥል ማን በነገራቸው።

ቢራም፦ ዝም በል፣ ዘበኛው እያየን ነው።

[መግቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ከሰል ላይ ሻይ ያፈላሉ። ቢራም ደረታቸው ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበና ክው አለ።]

ቢራም፦ ወይ ጉዴ! ጆፕ ናቸው!

ላቲር፦ እሰይ! የምንሰድበው አገኘን!

ቢራም፦ የሚሰድበን አገኘን በል እንጂ! ጆፕ ንጃይን ካገኘ መች በቀላሉ ይለቃል? የጆፕና የንጃይ ዘር መሰዳደብ የአባቶቻችን ጨዋታ ነው እያሉ ሆዳም ሲሉን፣ ውሃ ቅዱ፣ ከሰል አራግቡ ሲሉን ይመሻል። አጎትየው ደግሞ “ቀጠሮ የማያከብር አማች አልፈልግም” ይልና ሶክናን አጣኋት!

ላቲር፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ቢራም፦ እኔም ጆፕ ነኝ እላቸዋለሁ። ወገኔ ብለው ያሳልፉናል።

ላቲር፦ አያታችን ይሄን ቢሰሙ...

ቢራም፦ አላህ ይዘንላቸውና ከመቃብር ምን ይሰማሉ? አንተ ብቻ ትንፍሽ እንዳትል።

[ቀረቡ።]

ቢራም፦ አሰላሙ አለይኩም አባባ! ጆፕ ነኝ። ቢራም ጆፕ።

ዘበኛው፦ [ከከረባቱ እስከ ጫማው በዓይናቸው ወርደው] ወአለይኩም ሰላም የወንድሜ ልጅ! ጆፕ መሆንህ ከሩቅ ያስታውቃል። ይሄኛውስ?

ቢራም፦ እሱ ዲዳ ነው።

ላቲር፦ ንጃይ ነኝ።

ዘበኛው፦ [በደስታ ብድግ ብለው] ዲዳው ተናገረ! ንጃይ! ለካ ዛሬ የሆቴሉ ወጥ ቤት የሩዙን ድስት የቆለፈው ወዶ አይደለም!

ላቲር፦ ሂድ አንተ ሽማግሌ! እናንተ ጆፖች ድስቱን ስለምትልሱት አይደል የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሥራ የፈታው?

ዘበኛው፦ [እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ] አንደበትህ ይባረክ! አንተስ የወንድሜ ልጅ፣ ምን ትገተራለህ? ንጃይ ሲሰድበኝ ዝም ትላለህ? አግዘኝ እንጂ!

ቢራም፦ እ... ንጃዮች... ምግብ ይወዳሉ።

ዘበኛው፦ ይሄ ስድብ ነው ምርቃት? አያቱን አንሳበት!

ቢራም፦ አያቱን?

ላቲር፦ [በየዋህነት] አያቴን ምን ልትል ነው?

ቢራም፦ [ላቡን በከረባቱ እየጠረገ] አያቱ... ሰርግ ተጠርተው... የሙሽራውን ድርሻ ሳይቀር በልተው... በጓሮ አጥር ሲዘሉ ተይዘዋል!

ላቲር፦ ቢራም! እሱ የቤት ምስጢር አይደል እንዴ?

ዘበኛው፦ [ሳቃቸውን በግድ ውጠው ተቀመጡ] ጎሽ፣ ጎሽ። በሉ አሁን ዞር በሉልኝ፣ ቀጠሮ አለኝ። የእህቴን ልጅ ሶክናን ሊጠይቅ ዛሬ አንድ ንጃይ ይመጣል።

[ቢራም ደረታቸው ላይ ያለውን ስም ደግሞ አነበበ።]

ቢራም፦ እርስዎ... እርስዎ ነዎት አጎቷ? ሥራ አስኪያጅ አይደሉም?

ዘበኛው፦ ያለ እኔ ፈቃድ በዚህ ማን ይገባል?

ላቲር፦ አላልኩህም?

ቢራም፦ አባባ፣ ንጃዩ እኔ ነኝ! የሚጠብቁት እኔን ነው!

ዘበኛው፦ የገዛ አያቱን የሚሰድብ ንጃይ የት አለ? አንተማ ጆፕ ነህ፣ የእኔው ልጅ። ለሶክናም ወንድሟ ሆንክ። ለሰርጓ አንድ ሙክት ጎትተህ ትመጣለህ፣ ከዚያ በቃ።

ቢራም፦ [አሸዋው ላይ ተንበርክኮ] በሞቴ አባባ! የዋሸሁት እንዳላጣት ፈርቼ ነው። ያለ እሷ መርፌ እንኳ ከእጄ ይወድቃል!

ዘበኛው፦ ደግሞ ለራሱ የሚለምን ሙሽራ የት ነው ያየኸው? ኮላውን የያዘው ይናገር። ና ንጃይ፣ እዚህ ቁጭ በል። ይሄን ሰው ታውቀዋለህ?

ላቲር፦ አብረን ነው ያደግነው።

ዘበኛው፦ ዋሾ ነው?

[ቢራም በዓይኑ ለመነው።]

ላቲር፦ ዋሾ ነው።

ቢራም፦ ላቲር! ገደልከኝ!

ላቲር፦ ግን አይችልበትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ይዋሻል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ይያዛል። አንድም ቀን አምልጦ አያውቅም።

[ሽማግሌው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ለቢራም አሳዩት። ቢራም ፎቶው ላይ ራሱን ከነከረባቱ አየው።]

ዘበኛው፦ ሶክና ትናንት ነው የላከችልኝ። ገና ከሩቅ አውቄሃለሁ።

ቢራም፦ ታዲያ ያን ሁሉ ስድብ ለምን አሰደቡኝ?

ዘበኛው፦ ንጃይን በንጃይ አፍ ማሰደብ ለጆፕ መች ይገኛል? ዕድሜ ልኬን ስመኝ ኖሬ ዛሬ ደረሰልኝ!

ቢራም፦ ሶክናስ አባባ? ሶክና ቀረች?

ዘበኛው፦ [ከዘንቢሉ አንድ ኮላ አንስተው ገመሱና ግማሹን ለላቲር ሰጡት] ሶክናን ለቢራም ንጃይ ሰጥቻለሁ ብለህ ለቤተ ሰቡ ንገር። እኔ ለልጄ የምፈራላት የሚዋሽ ባል አይደለም፤ ዋሽቶ የማይያዝ ባል ነው። ከዚህኛው ጋር ያለ ሐሳብ ትኖራለች!