ማትሪክን በሽምግልና

እኔ አስኳላ ሳልገባ ፊደል ራሴን ያስተማርሁ፣ በአሰላ የጋብቻም የደምም ሽምግልና ያለእኔ የማይሰምር ሰው ነኝ። ታዲያ እኔን እምቢ የሚል ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? አለ እንጂ! የኮሌጅ መዝጋቢ ይባላል።

የኢተያው ስንዴ ነጋዴ የሐጂ ከድር ልጅ ዘይነባ በማትሪክ ሌላውን ሁሉ አልፋ በሂሳብ ወደቀች። ልትገባበት የፈለገችው የአዲስ አበባ ኮሌጅ ደግሞ ሂሳብ የወደቀ አይቀበልም።

«አባባ፣ ካልገባሁ ለአቦምሳው ነጋዴ መዳሬ ነው» ብላ አለቀሰችብኝ። ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ አዲስ አበባ ወረድሁ።

በወጋችን ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። መዝጋቢው፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ «አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ» አለ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

«ልጅቷ ሂሳብ ወድቃለች እኮ!»

«ባትወድቅማ ምን ልናደርግ እንመጣ ነበር?»

እሱ ግን ደንቡን ያነብልኛል! የደም ባላጋራ ያስታረቀ አንደበት አንዲት የሂሳብ ፈተና ያቅተው? ኧረ ወዲያ! እስከ ምሳ ሰዓት ቆመን ተፋጠጥን። በመጨረሻ መዝጋቢው ተማረረና፣ «እሺ፣ ለከርሞ ተፈትና ትለፍ፤ እቀበላታለሁ» አለ። «እሺ» ብሏልና ተቀመጥን።

ባዶ እጁን ተመለሰ የሚለኝ ካለ ይስማ። መዝጋቢውን ከወንበሩ አስነስቻለሁ። ለሦስታችንም ሻይ አስመጥቻለሁ። ካለፈች እንዲቀበላት በቃሉ አስሬዋለሁ። ሐጂም «ቃል ከተያዘማ ሰርጉ ይቆይ» ብለው የአቦምሳውን ሰው መልሰዋል።

ሂሳቡን እንግዲህ እሷው ትቻለው።