እትዬ ሎሰሊን ከጋቢና ለማውጣት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የቪካ ሰርግ ዕለት።
ቦታ፦ ቶንጋ፣ ቫቫኡ ደሴት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ማንጎው ሥር፣ ከመኪናው በስተግራ።
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሰርጉ አራት ሰዓት ላይ ነው። ይሄ ለኮሚቴው ደጋግሞ ተነግሮታል።

የተገኙ፦
አቶ ኬፑ፣ የቤተሰቡ መኪና ኮሚቴ ሰብሳቢ።
አቶ ፊፊታ፣ አባል፣ አናጺ።
አቶ ሐላፊሂ፣ አባልና ሾፌር፣ የሙሽራዋ አባት።
ፋኔ፣ ጸሐፊ፣ የሙሽራዋ እናት። ድምፅ የላትም፤ ብዕሩ ግን የእሷ ነው።
እትዬ ሎሰሊ፣ የሐላፊሂ ታላቅ እህት፣ የሙሽራዋ አክስት። አባል አይደሉም። ከመኪናው መውጣት ስላልቻሉ ተገኝተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስቱም ወንዶች ስላሉ ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ አንድ፦ በሩ እንዴት እንደተያዘ።

ሰብሳቢው ሾፌሩን ሪፖርት አቅርብ አሉት። ሾፌሩም ይሄ በር ከአውሎ ነፋሱ ዓመት ወዲህ ካልተወረወረ እንደማይዘጋ፣ ዛሬም እህቱ ጋቢና ከገቡ በኋላ እንደ ልማዱ መወርወሩን፣ ለክብር እንደ ልብስ ወገባቸው ላይ የታጠቁት ሰሌን ጫፍ ግን ውጭ ቀርቶ ኖሮ በመቆለፊያው ምላስ መነከሱን ገለጸ። አሁን እጀታው ከውስጥም ከውጭም ቢሳብ እንቢ ብሏል።

አቶ ፊፊታ «ያን የሚያህል ሰሌን እንዴት አላየህም?» ብሎ ጠየቀ።

ሾፌሩ ፊቱን አዙሮ እንደነበር አስረዳ። ወንድም እህቱ መኪና ስትገባ አፍጥጦ አያይም። ኮሚቴው ይሄን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ጨዋነቱም አመሰገነው። ጸሐፊዋ ጨዋነቱ በሩን እንደማይከፍተው አስታወሰች። አስተያየቷ እንዳይያዝ ታዘዘ። ተይዟል።

አጀንዳ ሁለት፦ በሌላ መንገድ ስለመውጣት።

አቶ ፊፊታ እትዬ ማርሹን ተሻግረው በሾፌሩ በር ቢወጡስ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው «አንተ አክስት የለህም?» ብለው ጠየቁት። አለኝ አለ። «በሰርግ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በጉልበቷ ስትድህ ታያታለህ?» አሉት። ሐሳቡ ወደቀ። የአባት እህት በቤቱ ከሁሉ በላይ ናት፤ እሷ ገብታ ሳትቀመጥ ሙሽራ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ አትረግጥም። ሙሽራዋም ቤት ሆና «አክስትሽ ተቀምጠዋል» የሚል መልእክት እየጠበቀች ነው።

ቀጥሎ ሰሌኑን ፈትተው ጥለውት ቢወጡ ተባለ። እትዬ ሎሰሊ ሦስት ጣት ብቻ ዝቅ በሚለው መስኮት በኩል «ራቁቴን ልጸልይ ነው?» አሉ። ሰሌኑ የአያታቸው መሆኑን፣ ከመኪናውም ከኮሚቴውም በዕድሜ እንደሚበልጥ ጨመሩ።

አቶ ፊፊታ ቢላዋ የሚል ቃል ጀመረ። ሳይጨርስ ተወው። ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ አለ። ጸሐፊዋ እሰርዛለሁ ብላለች።

ሰብሳቢው ታዲያ ሰርጉ ይተላለፍ አሉ። ነገ እሑድ ነው፤ በእሑድ እዚህ አገር መጥረጊያ እንኳ አይነሳም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሙሽራው ኒው ዚላንድ ለፖም ለቀማ ይበራል፤ የሚመለሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው። «ሰባት ወር ምን አላት? ልጅቷ የትም አትሄድም» አሉ።

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። አልተፈቀደላትም። እንደሚከተለው ተናገረች፦ «ልጄ የትም አትሄድም፤ የሚሄደው እሱ ነው። ያላገባ ጎረምሳ ባሕር አሻግራችሁ ቆማችሁ ልትጠብቁት ነው? የኬፑ ወንድም ሄዶ መቼ ተመለሰ?»

ሰብሳቢው ወንድማቸው ከአጀንዳው ውጭ መሆኑን ገለጹ። ጸሐፊዋ ተግሣጽ ተሰጣት።

አጀንዳ ሦስት፦ በሩን ማን ይነካዋል።

አቶ ፊፊታ መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ምላሱ ላይ ዘይት ይፈስሳል፤ አንድ ሰው በሩን ከውጭ በዳሌው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የውጩና የውስጡ እጀታ እኩል ይሳባል። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተነሳ» አሉት። የውስጡን እጀታ ለመያዝ በሾፌሩ በር ገብቶ ክንዱን በእትዬ ጭን ላይ ማሳለፍ እንዳለበት ሲገባው ተመልሶ ተቀመጠ። የእሱ አያትና የእትዬ አያት እህትማማች ናቸው፤ ስለዚህ ወንድማቸው ነው፤ ወንድም ደግሞ እህቱን አይነካም። ሰብሳቢው በአባታቸው በኩል ወንድም ናቸው። ሐላፊሂ ከአንድ እናት ነው፤ እሱማ ከማንጎው ጀርባ ሄዶ ቆሟል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው ከላይ እስከ ታች ወንድም መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

ሰብሳቢው ከሩቅ ሆነው በታላቅ አክብሮት እትዬ ራሳቸው እጀታውን ይስቡት እንደሆነ ጠየቁ። እትዬም «ለቪካ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ዛሬ በሩን ራሴ ከፍቼ ልውረድ? በር ይከፈትልኛል እንጂ አልከፍትም» ብለው መለሱ።

ጸሐፊዋ እሷ የማንም ወንድም አለመሆኗን ለጉባኤው አሳወቀች። ነገሩ አከራከረ። ጸሐፊዋ በሩን ከነካች ብዕር ታስቀምጣለች፤ ብዕር ካስቀመጠች ቃለ ጉባኤ የለም፤ ቃለ ጉባኤ ከሌለ በሩ የተከፈተው ያለ ውሳኔ ነው። «እንካ አንተ ጻፍ» ብላ ለፊፊታ ብትዘረጋለት መነጽሬ ቤት ነው አለ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

በመጨረሻም የሚከተሉት ተወሰኑ፦
አንደኛ፣ የፊፊታ አጎት ልጅ ላሜራ መቁረጫ ይዞ ሰኞ ይምጣና በሩን ይቁረጥ።
ሁለተኛ፣ እስከዚያ እትዬ ባሉበት ይቆዩ፤ በመስኮቱ የሚያልፍ ቀጭን ምግብ ይቅረብላቸው።
ሦስተኛ፣ ሰርጉ የፖሙ ለቀማ ሲያልቅ ይሁን።
አራተኛ፣ ጸሐፊዋ በሩን እንዳትነካ።
ሁለት እጅ እዚሁ፣ አንድ እጅ ከማንጎው ጀርባ ወጣ። ጸደቀ።

ያልተያዘ አጀንዳ።

በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ቪካ ሳትጠራ መጣች። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ሰሌኗን እስከ ብብቷ ታጥቃ፣ የሰርግ የኮኮናት ዘይቷን ተቀብታ እያብለጨለጨች፣ የተረፈውን በጠርሙስ ይዛ። ሰብሳቢው ሙሽራ አክስቷ ሳትቀመጥ እንደማትታይ ነገሯት። «ጋሼ ኬፑ፣ አክስቴ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጡ ናቸው» አለች።

ውሳኔው ተነበበላት። ሦስተኛው ውሳኔ ላይ ስትደርስ ጸሐፊዋ አላነብም ስላለች ሰብሳቢው አነበቡላት።

ሙሽራዋ «አክስቴ ተስማምተው ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመኪናው ውስጥ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሙሽራዋ ወደ በሩ ሄዳ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። እትዬ ሎሰሊ «ቪካ፣ ያ ሰሌን የአያቴ ነው» አሉ። «አውቃለሁ አክስቴ። ዘይቱም የሰርጌ ነው። ወይ እዚህ ይፈስሳል ወይ ሰባት ወር ይሻግታል» አለቻቸውና ምላሱ ላይ ከነሰሌኑ ጫፍ አንቆረቆረችው።

ሰብሳቢው አራተኛውን ውሳኔ ሊያስታውሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እትዬ «ፋኔ፣ ብዕርሽን አስቀምጪ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ጊዜ አልተጻፈም። የጸሐፊዋ ሁለት እጅ ሥራ ላይ ነበር።

በሩ ተከፍቷል። ሙሽራዋ በዳሌዋ ገፍታለች፣ ጸሐፊዋ የውጩን እጀታ ስባለች። የውስጡን እጀታ ማን እንደሳበ እንዳይጻፍ እትዬ ሎሰሊ አዘዋል፤ አልተጻፈም። መኪናው ውስጥ የነበሩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰሌኑ አልተቀደደም። ይሸታል፣ ደስ የሚል ሽታ ነው።

እትዬ በእግራቸው ቆመው ቀሚሳቸውን ካስተካከሉ በኋላ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር አሉ። ወንድሞቻቸው ሁሉ መሬት እያዩ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። ሰብሳቢው የኮሚቴው ሥልጣንስ ብለው ጠየቁ። «ከቅዳሴ መልስ አፈርሰዋለሁ፤ አሁን ልጄን እየዳርኩ ነው» አሉና የሙሽራዋን ዘይት የጠጣ እጅ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ።

ስብሰባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው ተነቦ ይጽደቅ ብለዋል። የሚያነብ አልተገኘም፤ ጸሐፊዋ የቤተ ክርስቲያኑ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው።