ተሸንፈው የማያውቁት መምህር ኡሜጋኪ

ተሸንፎ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የሚያሸንፈው ሰው አይደለም፤ ሙቀቱ ነው፣ ምሳው ነው፣ የወንበሩ እግር ነው። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር መምህር ኡሜጋኪ ናቸው።

መምህር በጎልማሳነታቸው ሾጊ በሚባለው የጃፓን ቼዝ የአገሩ ሻምፒዮን ነበሩ። ያሸነፉ ቀን የወጣው የጋዜጣ ፎቶግራፋቸው ኦሳካ ባለችው ፀጉር ቤቴ ከመስታወቱ ጎን ተለጥፏል። የለጠፉት ራሳቸው ናቸው።

ሻምፒዮንነቱ በዓመቱ ተነጠቀ።

"ያ ሰውዬ የነጠቀኝ መሰለህ?" ይሉኛል፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ። "ዓሣው ነው! ምሳ ላይ ያቀረቡት ዓሣ ሆዴን ገለባበጠው!"

ሳፖሮ ላይ በረዶው ዓይናቸውን አጥበረበረው። ኪዮቶ ላይ የባላጋራቸው የእጅ ማራገቢያ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቋ! ቋ! እያለ አስቸገራቸው። ጎረቤት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኩኒኤን "ዛሬስ ማን አሸነፈ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እሳቸው ሽንኩርታቸውን እየከተፉ "ዝናቡ" ይላሉ።

ዕድሜ ግን ሰበብ አይሰማም። መምህር ከደረጃ ደረጃ እየወረዱ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ባለፈው ክረምት ካናሞሪ ከሚባል ዓይን አፋር ጎልማሳ ጋር ተቀመጡ፤ ከተሸነፉ ከሙያው መሰናበታቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ እኔ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮለ። ሲመሽ መምህር የኪሞኗቸውን አንገት አስተካከሉ፣ እጃቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ፣ ጎንበስ አሉ።

"ተሸንፌያለሁ።"



በማግስቱ ፀጉር ሊቆረጡ መጡ። ጨርቁን አንገታቸው ላይ አስሬ ሰበቡን ጠበቅሁ። አላስቻለኝም።

"መምህር፣ ትናንት ምን ነካዎት?"

"ምንም። ልጁ በለጠኝ፣ ማትሱጊ። አሳምሮ ተጫወተ።"

መቀሴ ቆመ። አንገታቸው ይህን ያህል የቀጠነው መቼ ነው? እኒህን ትሑት ሽማግሌ አላውቃቸውም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

"እኔ እኮ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሲያስነጥስ ሰምቻለሁ።"

መምህር በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሰማኸው?"

"በደንብ!"

"አላልኩህም? ሰረገላ የምንለውን ጠጠሬን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እኮ ነው! አንተ፣ እዚያ ሰሌዳው ላይ ምን አዘጋጅቼለት እንደነበር ብታውቅ..."

ወጉ ቀጠለ። እኔም የቀረቻቸውን ፀጉር፣ እንዳታልቅብኝ እየሰሰትኩ፣ አንድ በአንድ እቆርጥ ጀመር።