ጋሽ በርሜልና የልብስ ሰፊዋ ጥያቄ

ስለ ነዳጅ ዋጋ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ሁሉ መኪና የለውም። መኪና ያለው ሰው ማደያ ይደርሳል፣ ይከፍላል፣ ተራግሞ ይሄዳል። ለመተንተን ጊዜ ያለው እግረኛው ነው።

የሕንፃችን እግረኛ ተንታኝ፣ ክቡር የኢነርጂ አማካሪያችን፣ ጋሽ በርሜል ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ስንሆን እሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆኑ የትኛው ባሕር የት ላይ እንደሚጠብ አሳምረው ያውቃሉ። ወተት ልገዛ በነጠላ ጫማ ስወርድ ደረጃው ላይ ያስቆሙኝና፣ "ሰማህ? አንድ የነዳጅ መርከብ የባሕር መተላለፊያው ላይ ቆሟል" ይሉኛል። መርከቡ እስኪንቀሳቀስ እኔም አልንቀሳቀስም።

ትንቢታቸው ተሳስቶ አያውቅም። ዋጋው ከጨመረ "ብያችሁ ነበር" ነው፤ ከቀነሰ ደግሞ "ገበያው ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው" ይላሉ። አንድ ሰሞን የማብሰያ ጋዝ እጥፍ ሊሆን ነው ብለው ሕንፃውን አተራመሱት። ሁላችንም ተሯሩጠን ሲሊንደር ገዛን። ባለቤቴ ማስቀመጫ ብታጣ የእኛን አልጋው ራስጌ አቆመችውና ጨርቅ አለበሰችው፤ እኔም ቦምብ ታቅፌ የተኛሁ እየመሰለኝ ከረምኩ። ዋጋው በሳምንቱ ወረደ። "ትንፋሽ ነው" አሉ ክቡር አማካሪያችን፣ የራሳቸውን ሻይ በኤሌክትሪክ ምድጃ እያፈሉ።

አምና ደግሞ አንድ የተፈጥሮ ጋዝ የሚቆፍር ኩባንያ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ጋሽ በርሜል ወጣትነታቸው ተመለሰላቸው። ከባለታክሲው ጎረቤታችን ጋር የሕንፃው በር ላይ ቆመው አክሲዮኑ ይጨምራል እያሉ ወር ሙሉ ሰበኩ። "መሬት ውስጥ የተኛ ገንዘብ እኮ ነው! የሚቀሰቅሰው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ" ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ምድር ቤት የምትሠራው ልብስ ሰፊ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ወጣች። ማሽኗ ማርጀቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲንገጫገጭ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ያ ማሽን ካቆመ ደግሞ የእሷም እንጀራ ይቆማል።

"ጋሼ፣ ለአዲስ ማሽን ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ" አለቻቸው። "ይጨምራል ካሉኝ ሰኞ አክሲዮኑን እገዛበታለሁ።"

"ይበሉ እንጂ ጋሼ፣ ይንገሯት" አለ ባለታክሲው።

እኔም ረጅም ትምህርት ጠብቄ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጋሽ በርሜል መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አሉ።

"እንዴት እንጃ ይላሉ? ወሩን ሙሉ ሲያወሩ አልነበር እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ወሬ ነዋ። የነገውን ማን ያውቃል? ይልቅ ማሽንሽን ግዢ።"

ባለታክሲው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምሽት ሳይደርስ፣ ጋሽ በርሜል ምንም እንደማያውቁ በገዛ አፋቸው አመኑ የሚለው ወሬ ሕንፃውን አዳረሰ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን ገዛች። አክሲዮኑ ደግሞ፣ ይግረማችሁ ብሎ፣ ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ሆነ። ሰውዬው በሕይወታቸው አንዴ ልክ ሊሆኑ ሲሉ አፋቸውን ዘጉ። ባለታክሲው ባያቸው ቁጥር "ልጅቷን ጉድ ሠሯት" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ብያችሁ ነበር ማለት አይችሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

አንጀቴን ቢበሉኝ አንድ ቀን ቤታቸው ገባሁ።

"ጋሼ፣ እውነት አያውቁም ነበር?"

"ይጨምራል ብዬማ አምን ነበር። ገናም ይጨምራል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

መልሳቸውን ከሰማሁ ወዲህ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዲስቅባቸው አልፈቅድም።

"ለእናንተ ተናግሬ ብሳሳት ትስቁብኛላችሁ፤ ያልፋል" አሉኝ። "ለእሷ ተናግሬ ብሳሳት በምን ትሰፋለች?"